ከጎጃም ለሚነሳ ታዳጊ ሯጭ የትኛው ይሻላል? ፕሮጀክት፣ ማሰልጠኛ ማዕከል፣ ክለብ ወይስ በራስ አዲስ አበባ

የዞን ውድድር ባለቀ ማግስት በብዙ ቤት አንድ ስብሰባ ይደረጋል። ልጁ 3 ሺህ ሜትር አንደኛ ወጥቷል፤ ወይም ልጅቷ በሀገር አቋራጭ ሁሉንም ጥላ ገብታለች። አባት "ትምህርቱን ይጨርስ" ይላል። አጎት "አሁን ካልወጣ መቼ ሊወጣ ነው?" ይላል። እናት ዝም ብላ ታዳምጣለች። መሀል ላይ አንዱ ስልኩን አውጥቶ "አዲስ አበባ የማውቀው ማናጀር አለ" ይላል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ስብሰባ ነው። ደብረ ማርቆስ የስፖርት መምህር ነኝ። ካሰለጠንኳቸው ልጆች ክለብ የገቡ አሉ፣ ማዕከል የገቡ አሉ፣ ሄደው የተመለሱም አሉ። አራቱን መንገዶች ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ልጅ የመጀመሪያው ጥያቄ "ባይሳካለት በእጁ ምን ይቀራል?" የሚል መሆን አለበት። "የትኛው ቶሎ ያደርሰዋል?" የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በ15 ዓመቱ ዞን ያሸነፈ ልጅ በ25 ዓመቱ በሩጫ እንጀራ መብላቱን ማንም አሰልጣኝ አስቀድሞ ሊነግራችሁ አይችልም። ጉልበት ይጎዳል። ሰዓቱ አልሻሻል ይላል። ወይም በቃ ልጁ ሌላ ነገር ይወዳል። ስለዚህ መንገዶቹን ስትመዝኑ መመለሻቸውንም አብራችሁ መዝኑ።

አየሩ እዚሁ አለ

"ሯጭ የሚሆነው አዲስ አበባ የገባ ነው፤ አየሩ ለሩጫ ይሆናል" ሲባል እሰማለሁ። የሚፈለገው የከፍታ አየር ከሆነ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እንጅባራ ትንሽ ከፍ ትላለች። አዲስ አበባም እዚያው አካባቢ ናት። የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዝቅ የምትለው ባሕር ዳር ናት፤ 1,800 ሜትር አካባቢ። ስለዚህ ለአየር ብሎ ደጀንን መሻገር አያስፈልግም።

ማስረጃው ከዚሁ የወጡት ልጆች ናቸው። ውዴ አያሌው የሰከላ ልጅ ናት፤ የግሽ ዓባይ አገር ሰው። እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ወሰደች። በዚያ ውድድር ብሩም የኢትዮጵያዊት ነበር፤ የመሰለች መልካሙ። የኔው አላምረው ደግሞ ከቲሊሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የዳይመንድ ሊግን በ5 ሺህ ሜትር አጠቃላይ አሸናፊ ሆኖ ጨርሷል። ሁለቱም እግራቸውን ያጠነከሩት በዚሁ ዳገትና በዚሁ አየር ነው።

አዲስ አበባ ያለው ሌላ ነገር ነው። ዘመናዊ መም (የሩጫ ሜዳ) አለ። ውድድር በየጊዜው አለ። ፊዚዮ (የጉዳት ማገገሚያ ባለሙያ) አለ። ክለቦችና ማናጀሮች አሉ። ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። ግን ለ14 ዓመት ልጅና ለ19 ዓመት ወጣት ያለው ዋጋ እኩል አይደለም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው መንገድ፦ ቤት ሆኖ በፕሮጀክት መሰልጠን

ፕሮጀክት የምንለው ወረዳው ወይም ከተማ አስተዳደሩ ለታዳጊዎች የሚያዘጋጀውን ስልጠና ነው። አሰልጣኙ ብዙ ጊዜ የስፖርት መምህር ነው። ልጆቹ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ይሰለጥናሉ። ማታ ቤታቸው ያድራሉ፤ የእናታቸውን ሽሮ ይበላሉ።

ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ይናቃል። እኔ ግን እስከ 16 ዓመት ድረስ ለአብዛኛው ልጅ የተሻለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አካል ገና እያደገ ነው። አጥንት ገና አልጠነከረም። በዚህ ዕድሜ የሚፈለገው እንቅልፍ፣ ምግብና የተለያየ እንቅስቃሴ ነው። ይህ ሁሉ ቤት ውስጥ ይገኛል፤ ትምህርቱም አይቋረጥም።

ችግሩ ፕሮጀክት ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሄዳችሁ ልምምዱን እዩት። ከዳር ቁሙና ተመልከቱ።

መጀመሪያ የአሰልጣኙን እጅ እዩ። ደብተር ይዟል? ጥሩ አሰልጣኝ ይጽፋል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ጉልበቱን አመመኝ አለ፣ ማን ስንት ደቂቃ ገባ። ቀጥሎ ልጆቹን እዩ። የ13 ዓመቱ ልጅ ከ19 ዓመቱ ጋር እኩል ርቀት የሚሮጥ ከሆነ ነገሩ ልክ አይደለም። ትንንሾቹ አጫጭር ፍጥነት፣ ዝላይ፣ መሰናክል፣ ኳስም ጭምር ሲሠሩ ማየት አለባችሁ። ከዚያ አንድ የሚያነክስ ልጅ ፈልጉ፤ አንድ አይጠፋም። አሰልጣኙ "ቻለው፣ ወንድ ነህ" ካለው ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። "ዛሬ ተቀመጥ፣ ነገ ጠዋት አሳየኝ" ካለው እዚያ ተዉት።

ስለ ሰዓቱ መጠን ባለሙያዎች የሚሰጡት ቀላል መለኪያ አለ። ልጅ በሳምንት የሚሠራው የልምምድ ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር አይብለጥ። የ14 ዓመት ልጅ በሳምንት ከ14 ሰዓት በላይ አይሥራ ማለት ነው። እኔ ለሯጭ ይህም ብዙ ነው እላለሁ። ልጁ ሳር ሊያጭድ፣ ውኃ ሊቀዳ፣ ትምህርት ቤት በእግሩ ደርሶ ሊመለስ ይችላል፤ ይህም ድካም ነው። ከሩቅ ቀበሌ የሚመላለስ ልጅ ወደ ልምምድ የሚመጣው ግማሹን ሠርቶ ነው። አሰልጣኙ ይህን መጠየቅ አለበት።

የፕሮጀክት ጉድለቱም ግልጽ ነው። ሰዓት የሚያዘው በእጅ ነው። ሜዳው ጠጠር ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃ ነው። ጎበዝ አሰልጣኝ ዝውውር ከደረሰው ልጆቹ ይበተናሉ። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ውድድር ይቀራል። ዓመት ሙሉ የተዘጋጀ ልጅ ሳይወዳደር ሲቀር ምን እንደሚሰማው አይቻለሁ። ይህን ለማካካስ አሰልጣኙ እዚያው ሜዳ ላይ የሙከራ ሩጫ ያድርግላቸው፤ ሰዓቱንም ቀን ጽፎ ይመዝግበው። በኋላ ለምልመላ ሲቀርቡ ያ ወረቀት ይጠቅማቸዋል።

ሁለተኛው መንገድ፦ ማሰልጠኛ ማዕከል

ማዕከል ሲባል ልጁ እዚያው ይኖራል፣ ይበላል፣ ይሰለጥናል፣ ይማራል። ከእኛ አቅራቢያ ቲሊሊ አለ። ክልሉ ደብረ ብርሃንም አለው። ከክልሉ ውጪ አሰላ ያለው የጥሩነሽ ዲባባ ማዕከልና አዲስ አበባ ያለው የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ ይታወቃሉ። መግቢያው በምልመላ ነው። ሰዓት ይታያል፤ ቁመትና ክብደትም ይለካል።

ከ15 እስከ 18 ዓመት ላለ፣ በእውነት ተስፋ ላለው ልጅ ከአራቱ መንገዶች ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስልጠናና ትምህርት አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ልጁ ለቤት ኪራይ አይጨነቅም። አሰልጣኙ ማታም ያየዋል። የጓደኞቹ ሥራ ሩጫ ነው፤ ማንም "ና ከረንቡላ እንጫወት" አይለውም።

ከመላካችሁ በፊት ግን ስለ ትምህርቱ አጥብቃችሁ ጠይቁ። "ይማራሉ" የሚለው መልስ አይበቃም። የትኛው ትምህርት ቤት? በቀን ወይስ በማታ? ባለፈው ዓመት 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ስንቱ አለፉ? ውድድር ከፈተና ጋር ሲጋጭ ምን ይደረጋል? ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ማዕከል ጉዳዩን አስቦበታል ማለት ነው።

ሌላው ምግብ ነው። በጀት ሲዘገይ መጀመሪያ የሚቀንሰው የምግብ ዝርዝር ነው። ልጁ በሄደ በወሩ ደውላችሁ "ትናንት ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት ምን በላህ?" በሉት። "ደህና ነኝ" ቢላችሁም ጥያቄውን ድገሙት። የገጠር ልጅ አፉን ሞልቶ አይናገርም።

የቤት ናፍቆቱንም አትናቁት። በመጀመሪያው ወር ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ አለ። ይህ ድክመት አይደለም። ቲሊሊ ያለው ጥቅም ይህም ነው፤ የእንጅባራና የቡሬ ቤተሰብ ሄዶ ሊጠይቀው ይችላል። አሰላ ግን ሩቅ ነው። ለ15 ዓመት ልጅ ቅርቡን ብታስቀድሙ ደስ ይለኛል።

እስቲ የካናዳን ልጆች እንይ

ከሩጫ ወጣ ልበል። ካናዳ ውስጥ ሕዝቡ ነፍሱን የሚሰጥበት ስፖርት አይስ ሆኪ ነው፤ በበረዶ ወለል ላይ በሚንሸራተት ጫማ የሚጫወቱት። ጨዋታው ለእኛ ሩቅ ነው። የወላጁ ጭንቀት ግን የእኛው ነው። እነሱም የ15 ዓመት ልጃቸውን ይዘው "የት እንላከው?" ይላሉ።

ኦንታሪዮ በምትባለው ክፍለ ሀገር ጎበዝ ልጆች በ15 ዓመታቸው በታዳጊ ክለቦች ይመረጣሉ። በ16 ዓመታቸው ብዙዎቹ ከቤት ወጥተው ክለቡ ባለበት ከተማ ይኖራሉ። የሚያድሩት ግን ካምፕ ውስጥ አይደለም። ክለቡ ከመረጠው ቤተሰብ ቤት ያድራሉ። ያ ቤተሰብ ራት ያቀርባል፤ ልጁ ስንት ሰዓት እንደገባ ያያል፤ ትምህርት ቤት መሄዱን ይከታተላል። የጨዋታው ታላቅ ሰው ዌይን ግሬትዝኪ ከትውልድ ከተማው ብራንትፎርድ ወደ ቶሮንቶ የሄደው በ14 ዓመቱ ነበር። ኮኖር ማክዴቪድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በልዩ ፈቃድ በ15 ዓመቱ ከፍ ወዳለው የታዳጊ ሊግ ገባ።

ከዚህ በላይ የሚያስተምረን ሕጋቸው ነው። ለጎበዝ ልጅ ሁለት ትልልቅ መንገዶች አሉት፤ የካናዳ ታዳጊ ሊግ ወይም የአሜሪካ ኮሌጅ። ለረጅም ዓመታት የመጀመሪያውን የረገጠ ልጅ ሁለተኛው ይዘጋበት ነበር። ሊጉ ለተጫዋቾቹ ኪስ ገንዘብ ስለሚከፍል ኮሌጆቹ እንደ ባለሙያ ይቆጥሯቸው ነበር። የ16 ዓመት ልጅ አንድ ጊዜ ፈርሞ ሲገባ ሌላውን በር በገዛ እጁ ይዘጋ ነበር። ሕጉ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለውም ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ነው። በዚያው ክረምት በጣም የሚጠበቀው ታዳጊ ጋቪን ማክኬና ከታዳጊ ሊጉ ወጥቶ አሜሪካ የሚገኘው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሁለተኛው በር ሲከፈት ጎበዞቹ ምን እንደሚመርጡ ከዚህ ማየት ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ወደድኩላቸው። የካናዳ ሊጎች ልጁ ለተጫወተበት ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን የአንድ ዓመት የኮሌጅ ወጪ የመሸፈን ልማድ አላቸው። ሦስት ዓመት የተጫወተና ያልተሳካለት ልጅ የሦስት ዓመት ትምህርት ይዞ ይወጣል። እዚያም ቢሆን ከታዳጊ ሊጉ ወጥቶ ትልቁ የባለሙያዎች ሊግ (ኤን ኤች ኤል) የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ይህ ትልቁ ሊግ በየዓመቱ 224 ወጣቶችን ይመርጣል፤ ከእነሱም ብዙዎቹ አንድም ጨዋታ ሳይጫወቱ ይቀራሉ። ስለዚህ ላልደረሰው ልጅ ምን እንደሚተርፈው አስቀድመው ጽፈውታል።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ግን ሁለቱን ጥያቄዎች ይዘን መሄድ እንችላለን። ይህ መንገድ የትኛውን በር ይዘጋል? ልጄ ማታ የሚያድረው ማን ጋ ነው?

ሦስተኛው መንገድ፦ ክለብ

ክለብ ደመወዝ ይከፍላል። ለብዙ ቤተሰብ ጥያቄው እዚህ ላይ ያልቃል። ልጁ በወር የሚያገኘው አባቱ ከጤፍ ሽያጭ ከሚያገኘው ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ማንም ሊፈርድ አይችልም፤ እኔም አልፈርድም።

ክለቦች ሁለት ዓይነት ናቸው ብላችሁ ያዙ። አንደኛው እንደ መቻል (የመከላከያ ሠራዊት ክለብ)፣ ፖሊስና ማረሚያ ያሉ የመንግሥት ተቋማት ክለቦች ናቸው። የእነዚህ ጥቅም ሩጫው ቢቆምም በተቋሙ ውስጥ ሥራ የመቀጠል ዕድል መኖሩ ነው። ይህ ልማድ አዲስ አይደለም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያሸንፍ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ሁለተኛው እንደ ንግድ ባንክና ኢትዮ ኤሌክትሪክ ያሉት የድርጅት ክለቦች ናቸው። ጥሩ መም፣ ጥሩ አሰልጣኝና ጠንካራ ተፎካካሪ ይገኝባቸዋል።

ክለብ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ወጣት ጥሩ ነው። ለ16 ዓመት ልጅ ግን እጠራጠራለሁ። ክለብ ነጥብ ይፈልጋል። ነጥብ የሚመጣው ከውድድር ነው። ልጁ በዓመት ውስጥ ሀገር አቋራጭ፣ መም፣ ጎዳና ላይ ሩጫ ሁሉንም እንዲሮጥ ሊጠየቅ ይችላል። አሰልጣኙ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እሱም በውጤት ነው የሚመዘነው። እያደገ ያለ ጅማት ግን ይህን ሁሉ አይችልም።

ከመፈረም በፊት ውሉን ቤት አምጡት። ማታ በመብራት ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ የሚያነብ ጎረቤት ጥሩ። ልጁ ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል? በተጎዳበት ወር ደመወዙ ይቀጥላል? ከሽልማት ገንዘብ ክለቡ ይወስዳል? ሌላ ክለብ ቢፈልገው መልቀቂያ እንዴት ያገኛል? ማታ ትምህርት መማር ይፈቀድለታል? የመጨረሻው በጽሑፍ ይስፈር። በቃል "ችግር የለም" ተብሎ የገባ ልጅ ሁለተኛው ወር ላይ የልምምድ ሰዓቱ ከትምህርቱ ጋር ሲጋጭ የሚያሳየው ወረቀት አይኖረውም።

አራተኛው መንገድ፦ በራስ አዲስ አበባ

ይህን አልመክርም። ግን የሚሄድ ስለማይጠፋ በደንብ ልንገራችሁ።

ልጁ ሦስት አራት ሆኖ አንድ ክፍል ይከራያል። ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ አካባቢ ነው፤ ልምምዱ እዚያ ስለሚደረግ። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ይነሳል። ባዶ ሆዱን ታክሲ ይሳፈራል። 25 ኪሎ ሜትር ከሚሮጡ ትልልቅ ሯጮች ጋር ይቀላቀላል፤ መቅረት ያሳፍረዋልና አብሮ ይሮጣል። ረፋድ ላይ ይመለሳል። ቡታጋዙ አንድ ነው፤ ሽሮ ለመሥራት ተራ ይጠብቃል። ከሰዓት መተኛት ሲገባው ከጓደኞቹ አንዱ ሙዚቃ ከፍቷል። የቤት ኪራይ ሲደርስ ቤተሰብ ይልክለታል፤ በሬ ተሽጦም ቢሆን። በስድስት ወሩ ሰዓቱ የሚበላሽ ልጅ ብዙ ነው። ምክንያቱን ስንፍና ይሉታል። ያልበላና ያልተኛ ልጅ ነው።

ከዚያ ማናጀሩ ይመጣል። ሐቀኛ ማናጀር አለ፤ የብዙ አትሌት ሕይወት የለወጠ አለ። አባት ዘንድ መጥቶ "ጋሼ፣ ልጅዎ ወርቅ ነው፤ እዚህ ላይ ብቻ ይፈርሙልኝ" የሚለውን ግን ቀስ ብላችሁ እዩት። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር (ወርልድ አትሌቲክስ) ፈቃድ የሰጣቸውን ማናጀሮች ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል። ስሙ እዚያ ከሌለ ወሬው አብቅቷል። ካለም ከሽልማት ከመቶ ስንት እንደሚወስድ፣ ውሉ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ይጻፍ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን የፈረመው ውል በሕግ አያስረውም፤ ወላጅ ወይም ሞግዚት ያስፈልጋል። "አባትህን አታስቸግረው፣ አንተ ፈርም" የሚል ሰው ካለ ምን እንደፈለገ ገብቷችኋል። ፓስፖርቱም ከልጁ እጅ ወጥቶ ማናጀር መሳቢያ ውስጥ አይግባ።

ብቻውን ያለ ልጅ ላይ የሚመጣ ሌላ አደጋ አለ። "ድካም የሚያጠፋ መርፌ" የሚሸጥለት ሰው ይመጣል። በዶፒንግ (የተከለከለ አበረታች መድኃኒት) ሕግ ሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አትሌቱ ራሱ ነው። "አላወቅሁም" ብሎ ነገር ብዙ አያድንም። ቅጣቱ እስከ 4 ዓመት ከውድድር መታገድ ይደርሳል። ለ19 ዓመት ልጅ አራት ዓመት ማለት ሁሉም ነገር ነው። ስለዚህ ልጁ ያለ ሐኪም ማዘዣ ምንም እንክብል እንዳይውጥ፣ ሐኪምም ሲያዝለት "አትሌት ነኝ" ብሎ እንዲናገር ከቤት ሲወጣ ይነገረው።

ዕድሜ ላይ እጅ አታስገቡ

ይህ ለሁሉም መንገድ ነው። ዕድሜ የሚቀነሰው ከ20 ዓመት በታች ውድድር ላይ ለመቆየት ነው። የሚጨመረው ደግሞ ቶሎ ጎዳና ላይ ወጥቶ ገንዘብ ለመሮጥ ነው። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ20 ዓመት በታች የሚባለው በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 31 በፈረንጆች አቆጣጠር 20 ያልሞላው ነው። በዓለም ሻምፒዮናና በኦሊምፒክ ማራቶን የሚሮጠው ደግሞ 20 የሞላው ብቻ ነው። ይህ ሕግ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። 17 ዓመቷን 21 አስብላ ማራቶን የሮጠች ልጅ ሦስት ነገር ታጣለች። የታዳጊዎች ሻምፒዮና ያመልጣታል። አካሏ ሳይጠና ይጎዳል። በፓስፖርቷ ላይ ያለው ዕድሜ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት ይኖራል። ሰለሞን ባረጋን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቢድጎሽ ላይ ከ20 ዓመት በታች 5 ሺህ ሜትር አሸነፈ። በቶክዮ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘው ከዚያ አምስት ዓመት ቆይቶ ነው። ኃይሌም እ.ኤ.አ. በ1992 ሴኡል ላይ የታዳጊዎቹን 5 ሺህና 10 ሺህ ሁለቱንም ወስዶ ነው በዓመቱ ሽቱትጋርት ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው። የታዳጊዎች ውድድር ልጁ ከእኩያው ጋር የሚለካበት ነው። በሐሰት ዕድሜ አትዝለሉት።

ሴት ልጅ ከሆነች

ለሴት ልጅ ሚዛኑ ትንሽ ይለያል። በእኛ አካባቢ ጎበዝ ልጅ ከሩጫ የምትወጣው በጉዳት ብቻ አይደለም፤ በጋብቻም ነው። ሕጉ 18 ዓመት ቢልም ቀደም ብሎ የሚጠየቅባት ልጅ አለች። ለእሷ ማዕከል መግባት ከስልጠና በላይ ነው፤ ጊዜ ይገዛላታል። ስለዚህ ለወንድ "እስከ 16 ቤት ይቆይ" ያልኩትን ለእሷ እንደ ቤቱ ሁኔታ አየዋለሁ። ሽማግሌ መመላለስ ከጀመረ በ14 ዓመቷም ማዕከል ብትሄድ እደግፋለሁ።

የመኝታ ቤቱን ነገር ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። የሴቶች መኝታ ተለይቷል? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ሴት አሰልጣኝ ወይም ሴት ሞግዚት አለች? እናት አብራ ብትሄድ ይበልጣል፤ አባት የማያየውን ታያለች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ማፈር አያስፈልግም። የወር አበባዋ ከጀመረ በኋላ ለወራት ከቀረ "ስፖርተኛ ስለሆነች ነው" ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ጊዜ ምልክቱ ከምትሮጠው አንጻር የምትበላው ማነሱን ነው። እንዲህ ሲሆን አጥንቷ ይሳሳል፤ የእግር አጥንቷ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ደሟን አስመርምሩ፤ ምግቧን ጨምሩ። "ከሳ በይ፣ ትፈጥኛለሽ" የሚላት አሰልጣኝ ካለ ከእሱ አርቋት።

የአሜሪካ ኮሌጅስ?

አንዳንዱ ይጠይቀኛል። በሩጫ ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያገኙ አፍሪካውያን አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን የኮሌጆቹ ማኅበር ከሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን ይቆጥራል፤ ውጤትም ይጠይቃል፤ እንግሊዝኛም አለበት። 9ኛ ላይ ያቋረጠ ልጅ ምንም ቢፈጥን አያገኘውም። ማናጀር ፈርሞለት በሽልማት የሚሮጥ ልጅም መንገዱ ይጠብበታል። ስለዚህ ይህን ለሚያልም ልጅ ምርጫው ቀድሞ ተወስኗል፤ ፕሮጀክት ወይም ማዕከል፣ ከደብተር ጋር።

እኔ ብሆን

ልጁ 13 ወይም 14 ከሆነ ቤት ይቆይ። ጥሩ ፕሮጀክት ከሌለ ከጎረቤት ወረዳ ፈልጉለት። ያም ከሌለ እስከዚያ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወት፤ ምንም አያመልጠውም።

15 እና 16 ሆኖ በክልል ደረጃ ከፊት የሚገባ ከሆነ ማዕከል። በመጀመሪያው ምልመላ ባያልፍ አትደንግጡ፤ ልጆች የሚያድጉበት ጊዜ ይለያያል። ዘንድሮ በቁመት የበለጠው ልጅ በሁለት ዓመቱ እኩል ሊሆን ይችላል።

18 ሞልቶት 12ኛን የተፈተነ ከሆነ ክለብ፤ ከቻለ የመንግሥት ተቋም ክለብ። ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ከሆነ ደግሞ ቆም ብላችሁ አስቡ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አካዳሚ አለው። እየተማረ መሮጥ ይችላል፤ በሩጫው ባይሳካለት አሰልጣኝ ይሆናል። ለእኔ ይህ ትልቅ መውጫ ነው፤ ጎጃም ደብተር የሚይዝ አሰልጣኝ በጣም ያስፈልገዋል።

ቤቱ ችግር ላይ ከሆነና ልጁ 16 ዓመቱ ላይ ክለብ ደመወዝ ከቀረበለት ምርጫው ከባድ ነው፤ ገብቶኛል። ከገባም ይግባ። ሁለት ነገር ብቻ አስፈርሙ፤ የማታ ትምህርቱንና የሕክምናውን። ከሚላከው ደመወዝም ትንሽ በልጁ ስም ባንክ ትቀመጥ። ዘመድ አዝማድ "ሀብታም ሆነ" ብሎ ሲሰለፍ እናንተ ቀድማችሁ እምቢ በሉ።

የምትወስኑበትም ጊዜ አለው። በትምህርት ዓመቱ መሀል ልጁን አታንሱት። ሰኔ ላይ ፈተናው ይለቅ፤ ክረምቱን አርፎ፣ ምልመላውን ተፈትኖ፣ ከነሐሴ በፊት ይታወቅ። ሲሄድ የልደት ካርዱን፣ የክፍል ውጤቱን፣ አሰልጣኙ የጻፈለትን የሰዓት መዝገብና ከትምህርት ቤቱ መሸኛውን ይያዝ። መሸኛውን በተለይ አትርሱ። እሱን ሳይዝ የሄደ ልጅ መስከረም ላይ የሚመዘግበው ትምህርት ቤት አያገኝም።